የጋሼ ሰሌዳ

ሰኞ፣ ለማስረከቢያ 88 ቀን

ይህን ደብተር ከቢሮው መጋዘን ነው ያመጣሁት። በሲስተሙ ላይ የምነካው ሁሉ ስሜና ሰዓቱ ይለጠፍበታል። ቢያንስ እዚህ ማንም ዞሮ «ማን ነካው?» አይለኝም።

አዲሱ ሲስተም ዛሬ ሥራ ጀመረ። የምንሠራው የማዋለጃ ሕንፃ ሥዕል፣ ትእዛዝ፣ ደብዳቤ፣ ጭቅጭቁ ሳይቀር፣ ከእንግዲህ ሁሉም በአንድ ሰሌዳ ላይ ነው። እኔ አስተዳዳሪ ነኝ። ስሙ ሲጠራ ሹመት ይመስላል እንጂ ቁልፍ ያዥ ማለት ነው። እህቴ ስነግራት ሳቀችብኝ፤ ለሰው በር ስትከፍቺ ስትዘጊ ልትውዪ ነው፣ ዘበኛ ሆንኩ በይኛ አለች።

ፈቃዱ እንዲህ ነው። ተመልካች ያያል እንጂ አይነካም። አስተያየት ሰጪ ይናገራል እንጂ አይለውጥም። አርታዒ ይለውጣል። አጽዳቂ ካላጸደቀ ደግሞ አንድ ሚስማር እንኳ አይታዘዝም። አጽዳቂያችን አንጋፋው መሐንዲሳችን ጋሼ ናቸው፤ በቢሮው ውስጥ ከፍተኛው የሙያ ፈቃድ የእሳቸው ስለሆነ ደንቡ ሌላ ሰው አይቀበልም። ሥራ አስኪያጁ ጠዋት ጠርቶኝ ለእሳቸው ማጽደቁ ይበቃቸዋል፣ መለወጡን እንዳትሰጫቸው አለኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ባለፈው ወር ሁለት ጊዜ የገዛ ክፍላቸውን በር አልፈው ሲሄዱ ሁላችንም አይተናል።

ችግሩ፣ የሁሉም ስም ከነፈቃዱ በሰሌዳው ጎን ተደርድሯል። ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፣ ከትከሻዬ ኋላ ቆመው አንድ በአንድ አነበቡት። ቶሎቶሎ፣ አርታዒ። ቶሎቶሎ ነዳፊያችን ናት፤ «ቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ» እያሉ ስሙን ያወጡላት እሳቸው ናቸው። ከዚያ «እኔስ ልጄ?» አሉኝ። ሥራ ያስተማሩኝ ሰው። ፋይል ከማቀበል አንስተው ወንበር ላይ ያስቀመጡኝ ሰው። ይሉኝታ ያዘኝና ማጽደቁንም መለወጡንም ሰጠኋቸው። ምን ሊጎዳ ብዬ።


ረቡዕ፣ 86 ቀን

ጎዳ። ጋሼ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ገብተው የመሠረቱን ዝርዝር በሙሉ ወደ ድልድይ ለውጠውታል። ከሃያ ዓመት በፊት ወደሠሩት ድልድይ። የምሰሶው ቁጥር፣ የወንዙ ስፋት፣ ሁሉም ልክ ነው አሉ። ሕንፃው ብቻ ጠፍቷል። ሰው ሳያይ መለስኩት። የእኔ ስም ተለጠፈበት።


እሑድ፣ 82 ቀን። ከሰዓት በኋላ፣ እህቴ ልብስ እያጠበች

የጋሼ ባለቤት፣ እትዬ፣ ደውለው ጠሩኝና ሄጄ መጣሁ። ጋሼ ሳሎን ጋዜጣ ደረታቸው ላይ ዘርግተው ተኝተዋል። እትዬ ኩሽና አስገቡኝና በሩን ገርበብ አደረጉት። ሳህን እያጠቡ ነበር የሚያወሩት፤ እኔን እያዩ ማውራት የከበዳቸው መሰለኝ። ቅዳሜና እሑድ ይጠፋል አሉ። በሟች እህቱ ስም ይጠራኛል፣ ጫማውን ማቀዝቀዣ ውስጥ አገኘሁት፣ ትናንት ደግሞ እዚሁ ሳሎን ቁጭ ብሎ ቤቴ ውሰዱኝ አለ። ሰኞ ሲሆን ግን ጢሙን ይላጫል፣ ሸሚዙን ያስተኩሳል፣ ቦርሳውን ያነሳል፣ ሰው ይሆናል። ሐኪሙም ሥራውን እንዳታስቆሙት ብሏል አሉ።

ከዚያ ሳህኑን አስቀመጡና እጄን በእርጥብ እጃቸው ያዙኝ።

«ቤት ከዋለ ያልቅብኛል። እባክሽ ልጄ፣ ይህችን ሕንፃ እስኪጨርስ ብቻ ያዢልኝ።»

አንጀቴን በሉት። ምን ችግር አለው እትዬ አልኩ። እኔ መቼም ለሰው «አይሆንም» ማለት አልተፈጠረልኝም።

ስወጣ ጋሼ ነቅተው እስከ ውጭው በር ሸኙኝ። በምሥራቁ ግድግዳ ላይ ልስኑ ሳይደርቅ ቀለም እንዳይቀቡት፣ ይላጥብናል አሉኝ። እኔ ጭራሽ ረስቼው ነበር። የትኛው ናቸው ታዲያ እሳቸው? የቱን ልመን?


ማክሰኞ፣ 80 ቀን

ጋሼ ያለቁ አሥራ አንድ ሥራዎችን «አልተጀመረም» ብለው መልሰዋቸዋል። ሠራተኛው ግማሽ ቀን ቆሞ ዋለ። ሥራ አስኪያጁ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ዛሬውኑ መለወጡን አንሺባቸው። አንድ ጊዜ ደግመው ከነኩ ጡረታቸውን ፈርሜ እሸኛቸዋለሁ» አለኝ።

ልነግራቸው ክፍላቸው ሄድኩ። እርሳስ እየቀረጹ ነበር። ወንበር ስበው አስቀመጡኝና ስለ እናቴ ወገብ ጠየቁኝ። ስለ ዝናቡ አውርቼ ወጣሁ። ሳልነግር ፈቃዱን ባነሳው ደግሞ፣ አንድ ነገር ሊለውጡ ሲሞክሩ ሲስተሙ በትልቁ ቀይ ጽሑፍ «አልተፈቀደልዎትም» ይላቸዋል። ለሠላሳ ዓመት «ይፈቀዳል» እና «አይፈቀድም» ሲሉ የኖሩ ሰው። ያንን ቀይ ነገር አያዩም። እኔ እያለሁ አያዩም።


ረቡዕ፣ 79 ቀን

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ሰሌዳውን እንዳለ ገለበጥኩት። ቅጂው ከዋናው በምንም አይለይም። እዚያ ውስጥ ያለነው ግን እኔና ጋሼ ብቻ ነን። የስም ዝርዝሩን ደበቅኩት። ለእሳቸው በዚያው ስም፣ በዚያው ፎቶ ሌላ አካውንት ከፈትኩና ኮምፒውተራቸው ላይ አስገባሁት። በቅጂው ላይ እንዳሻቸው ይለውጡ፤ ድልድይም ቢሠሩበት ማንንም አይጎዳ። የድሮውን አካውንት መለወጡን አንስቼ ማጽደቁን ብቻ ተውኩለት፤ የይለፍ ቃሉ ድሮም እኔ ጋ ነው። ሥራ አስኪያጁ «አነሳሽ?» ሲለኝ «አነሳሁ» አልኩ። ውሸት አልተናገርኩም።

እንግዲህ በሲስተሙ ውስጥ ሁለት ጋሼ አሉ። አንደኛው ይሠራሉ፣ ማንም አያያቸውም። ሁለተኛውን ሁሉም ያያቸዋል፣ ውስጡ ግን ሰው የለም።

አሠራሩን አስቤበታለሁ። ዓርብ ዓርብ አዳዲሶቹን ዝርዝሮች ቅጂው ላይ እጨምርላቸዋለሁ። እሳቸው አይተው ሲያጸድቁ፣ እኔ ያንኑ ወደ ዋናው በድሮው አካውንታቸው አሻግራለሁ። ማጽደቁ የእሳቸው ነው፣ የእኔ ጣት ብቻ ነው።


ማክሰኞ፣ 73 ቀን

ጋሼ ደስ ብሏቸዋል። ሲስተሙ ለመደኝ አሉኝ። የጠየቁኝን ሁሉ እሺ ይለኛል፣ ከሰው ይሻላል አሉና ሳቁ። ቤታቸውም ሄጄ ቅጂውን ኮምፒውተራቸው ላይ አስገብቼላቸው መጣሁ፤ ማለዳ ማለዳ እንዲያዩት። እትዬ ሲሸኙኝ እጄን ሳሙኝ። የእኔን እጅ።

ሥራ አስኪያጁም ተደስቷል። አየሽ፣ ትንሽ ስትቀንሺባቸው ተስተካከሉ አለኝ።


ማክሰኞ፣ 66 ቀን

በቀን ሠላሳ አስተያየት ይጽፋሉ። በየአንዱ ስልኬ ይጮሃል። ግማሹ ስለ ድልድዩ ነው፤ አንዳንዱ ከአሥር ዓመት በፊት ለሞተ ግንበኛ የተጻፈ ነው። ጩኸቱን ዘጋሁት። ዝም የተባሉ እንዳይመስላቸው ግን ዓርብ ዓርብ ሁሉንም ባንዴ መርጬ «ታይቷል» የሚለውን ምልክት አደርግባቸዋለሁ። ከጎኑ የእኔ ስም ይወጣል። ሲያዩት ደስ ይላቸዋል።


ሐሙስ፣ 64 ቀን

ጥድፊያ። በር የሚሠራው ወርክሾፕ ደወለ፤ ዝርዝሩ ዛሬ ካልደረሰው ተራችንን ለሌላ ይሰጣል፣ ሦስት ሳምንት እንጠብቃለን። ቶሎቶሎ ዝርዝሩን በአንድ ሰዓት አወጣችው፤ አርባ ስድስት የብረት በር። ጋሼ ዛሬ ሐኪም ቤት ናቸው።

በድሮው አካውንታቸው ገብቼ አጸደቅኩት። ያው እሳቸውም ቢሆኑ ያጸድቁት ነበር። ነገ ዓርብ ቅጂው ላይ እጨምረዋለሁ፣ ያኔ ያዩታል። ቅደም ተከተሉ ነው የተገለበጠው እንጂ ሌላ ነገር የለም።


ማክሰኞ፣ 59 ቀን

ስልክ እያወራሁ ጋሼ ጠረጴዛዬ ጋ መጡ። ስለ በሮቹ የጻፍኩትን አየሽው ወይ አሉኝ። የስልኩን አፍ ሸፈን አድርጌ አይቻለሁ ጋሼ አልኩ። ይስተካከላል? ይስተካከላል። ትንሽ ቆሙ። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አንድ ነገር ሊያስረዱኝ ጀመሩ፣ እኔ ጣቴን አንስቼ «አንዴ» አልኳቸው፣ እጃቸውን አውርደው ሄዱ። ጣቴን ማንሳት አልነበረብኝም። ለእሳቸው ጣት ይነሳል?

ያው የድልድዩ መግቢያ ይሆናል። ነገ ቁጭ ብዬ አዳምጣቸዋለሁ።


ዓርብ፣ 56 ቀን

ዛሬ ብቻ አርባ አንድ አስተያየት። ታይቷል። ራስ ምታት።


እሑድ፣ 47 ቀን። ማለዳ

ቁጭ ብዬ አላዳመጥኳቸውም። በእሳቸው ክፍል በኩል ማለፍ ትቻለሁ፤ ወደ ማተሚያው በጓሮ በኩል ዞሬ ነው የምሄደው። ሲያገኙኝ ደግሞ ፊታቸው ይበራል፣ ያ ነው የሚከብደኝ።

ቶሎቶሎ ዓርብ ምሳ ላይ፣ ጋሼ ግን ተሽሏቸዋል እኮ፣ ስንት ሳምንት አንድም ነገር አላረሙኝም ስትል ሰማኋት። ሁሉም እውነትሽን ነው አሉ። እኔም እውነትሽን ነው አልኩ።

አሁን እሳቸው ሳያዩት አስቀድሜ ነው ዋናው ላይ የማጸድቀው። መጀመሪያ አንዱን ነበር። ከዚያ የቸኮለውን ብቻ። አሁን ሁሉም ይቸኩላል። እህቴ ዓርብ ማታ ስመጣ አየችኝና፣ አንቺ ዘበኛ፣ ማን ሰብሮ ገባብሽ፣ ምንድን ነው ፊትሽ አለችኝ። ምንም አልኳት። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ።


ረቡዕ፣ 30 ቀን

በሮቹ ተሰቀሉ። ግራጫ፣ ከባድ፣ ሲዘጉ ድምፅ የላቸውም። ያምራሉ። ጋሼን ወደ ሥራው ቦታ መውሰድ ከቀረ ሁለት ወር ሆኖታል፤ ደረጃ ላይ ይወድቁብናል ይላል ሥራ አስኪያጁ። ስመለስ ኮሪደር ላይ ያዙኝ። ተሰቀሉ ወይ አሉኝ። ተሰቅለዋል ጋሼ አልኩ። ሰፉልን? አዎ፣ ሰፍተዋል አልኩ። ለአባት እንደሚባለው ነው ያልኩት። ጎሽ አሉና ወደ ክፍላቸው ገቡ።


ረቡዕ፣ 16 ቀን

አልጋዎቹ ዛሬ መጡ። አልጋ አይገባም።

አልጋው በጎኑ ካለው ብረት ጋር አንድ ሜትር ከአምስት ሴንቲ ነው። በሩ ዘጠና ነው። ቶሎቶሎ የቢሮ በር ልክ ነው የገለበጠችው፤ በአርባ ስድስቱም። ዋና አዋላጇ በሩ ላይ ቆማ፣ አልጋውን ሁለቴ ገፋ አድርጋ አየችው። ከዚያ ለእኛ ሳይሆን ለራሷ፣ እና ምጥ የያዛትን ሴት በምን ላስገባት፣ በጀርባዬ? አለች። ማንም አልሳቀም።

ሥራ አስኪያጁ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀው፤ ማን አጸደቀው? ሁሉም ወደ ስክሪኑ ዞረ። የጋሼ ስም፣ የጋሼ ፎቶ፣ ሐሙስ ቀን፣ አራት ሰዓት ከሃያ።

ሐኪም ቤት የነበሩበት ሐሙስ። ይህን የሚያስታውስ ሰው የለም። እኔ ብቻ ጽፌዋለሁ፣ እዚህ።


ሐሙስ፣ 15 ቀን

ቅጂውን ከፈትኩ። መጀመሪያ ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጠበቅኩ።

እዚያ አለ። ሰኞ የተጻፈ፣ እጃቸውን ዘርግተው ከመጡብኝ ማክሰኞ በፊት ባለው ቀን። እንዳለ ልጻፈው፤

«የዎርዱ በሮች ዘጠና ሴንቲ ተብለዋል። የማዋለጃ አልጋ አያልፍባቸውም። ከአንድ ሜትር ከሃያ ማነስ የለባቸውም። ይህ ሳይስተካከል አላጸድቅም። ወርክሾፑ ከመቁረጡ በፊት በአስቸኳይ ይነገረው።»

ከሥሩ፣ ታይቷል። ዓርብ። የእኔ ስም።

ስንት አስተያየት ጻፉ በሁለት ወር? አንድ ሺህ? ከዚያ ሁሉ መሀል እርግጠኛ ሆነው «አላጸድቅም» ያሉት ይህንን ብቻ ነው። ሰኞ ለወርክሾፑ ደውዬ ቢሆን ገና ብረቱን አልቆረጠም ነበር።


እሑድ፣ 12 ቀን። ከቤት አልወጣሁም

ከጠዋት ጀምሮ እያሰብኩ ነው፤ ውሃ ወቀጣ።

ብናገር ምን ይሆናል? ጋሼ ከጥፋቱ ነጻ ይወጣሉ። ግን እንዴት ነጻ ይወጣሉ? «ጋሼ፣ ልክ ነበሩ፤ ግን ሁለት ወር ሙሉ የሠሩት በውሸት ሰሌዳ ላይ ነበር፤ አንዲትም ቃልዎን ሰው አላየውም» ብዬ ነው የማወጣቸው? ይህን ሰምቶ የሚቆም ሰው አለ? ልጅ እንዳያለቅስ የተበላሸ ስልክ እንደሚሰጠው ነው ያደረግኳቸው። ለእሳቸው ስል ነው ዝም የምለው። ለእሳቸው ነው።

እህቴ ልብስ እያጣጠፈች፣ ሥራ ቦታ አንድ ነገር ሆነሻል፣ አባረሩሽ እንዴ አለችኝ። እስካሁን አላባረሩኝም አልኩ። ለምን «እስካሁን» አልኩ?

በሰው ፈቃድ ገብቶ ማጽደቅ ወንጀል ነው። ደንቡን ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ለሁሉም ያስፈረምኩት እኔ ነኝ። የእናቴ መድኃኒት፣ የቤቱ ኪራይ። ይህ ግን ምክንያቱ አይደለም። ምክንያቱ እላይ የጻፍኩት ነው።


ሰኞ፣ 11 ቀን

ስብሰባው አለቀ። ሳይበርድብኝ ልጻፈው።

ሥራ አስኪያጁ፣ ቶሎቶሎ፣ ጋሼ፣ እኔ። ቶሎቶሎ ዓይኗ አብጧል። ጋሼ የተተኮሰ ሸሚዝ፣ ክራባት። ሥራ አስኪያጁ በአክብሮት ነው የጀመረው። ጋሼ፣ ይህን እርስዎ አጽድቀዋል አለ። ጋሼ ረጋ ብለው አላጸደቅኩም አሉ። እንዲያውም እንዳይሠራ ጽፌያለሁ፣ ዘጠና አይበቃም ብያለሁ፣ ለእሷም በአፌ ነግሬያታለሁ አሉ፤ ወደ እኔ እያዩ። ጥርጣሬ የለባቸውም። እንደዛሬ ጥርት ብለው አይቻቸው አላውቅም።

ሥራ አስኪያጁ አሳዪን አለኝ። ዋናውን ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ከፈትኩት። የበሮቹ ዝርዝር። ያጸደቀው፣ ጋሼ። አስተያየት፣ ዜሮ።

ጋሼ ተነስተው እስከ ግድግዳው ድረስ ሄዱ። መነጽራቸውን አወረዱ፣ ሰቀሉ። ክፍሌ ያለው ላይ አለ፣ ሄጄ ላሳያችሁ አሉ። ሥራ አስኪያጁ እንደ ልጅ አባበላቸው፤ ሲስተሙ አንድ ነው ጋሼ፣ እዚህ የሌለ እዚያም የለም አላቸው። ያኔ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ነግሬሽ አልነበር?»

ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚባለውን ሰው ሲናገረው እንጂ ሲሆን አይቼ አላውቅም ነበር።

«አላስታውስም ጋሼ» አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። በዚሁ አፌ።

አልተቆጡም። ቢቆጡ እናገር ነበር ይመስለኛል። ወንበሩን ፈልገው ተቀመጡ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉና «እንግዲያው ጀምሮኛል ማለት ነው» አሉ። ቶሎቶሎ ማልቀስ ጀመረች። እሳቸው ናቸው ያጽናኗት። አይዞሽ፣ በሩን መለካት የእኔ ሥራ ነበር አሏት።

ኮታቸውን ይዘው ከዚያው ወጡ። ክፍላቸው እንኳ አልገቡም።


ማክሰኞ፣ 10 ቀን

ክፍላቸውን አጸዳሁ። ሌላ ሰው እንዲያጸዳው አልፈለግኩም። አሥራ አራት የተቀረጸ እርሳስ፣ ሁሉም እኩል። ከመሳቢያው በቁራጭ ወረቀት ላይ የተሣለ አልጋና በር አገኘሁ፤ አልጋው በሩ ላይ ተቀርቅሮ፣ አጠገቡ አንዲት ሴት ወገቧን ይዛ ቆማለች። ሊያሳዩኝ የመጡት ይህንን ኖሯል። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፣ አውጥቼ መጣያ ውስጥ ጣልኩት፣ ከመጣያው አወጣሁት። አሁን እዚህ ደብተር መሀል ነው።


ዓርብ፣ ማስረከቢያ ሊሆን የነበረበት ቀን

አላስረከብንም። ግድግዳውን እየቆረጡ ነው። የጋሼ የጡረታ ደብዳቤ ተፈርሟል፤ «በጤና ምክንያት» ይላል። ፋይሉ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። ከዛሬ ወዲያ በምን እንደምቆጥር አላውቅም። ካለፈው ልቁጠር።


ረቡዕ፣ ካለፈ 19 ቀን

ለእትዬ አልደወልኩም ነበር። ዛሬ ደወልኩ። ጋዜጣ እንኳ አይከፍትም አሉኝ። አንድ ነገር ባነሳበት ቁጥር እኔ እንጃ፣ እኔን አትመኑኝ ይላል። ስሙን ስትጠሪው ልክ መሆንሽን ቆም ብሎ ያስባል። ትናንት ግን ለምኜ ለምኜ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጥኩት፣ ያችን ሰሌዳችሁን እያየ እንዲያሳልፍ፣ ደግ አላደረግኩም? አሉኝ።

ደግ አደረጉ አልኩ። ስልኩን ዘግቼ ቅጂውን ከፈትኩ። አንድ አዲስ አስተያየት፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፤

«ልጄ፣ አገኘሁት። ሰኞ ዕለት ጽፌዋለሁ፣ እዚሁ አለ። ዓርብ አንቺም ታይቷል ብለሽ ምልክት አድርገሽበታል። ሥራ በዝቶብሽ ረስተሽው ነው፣ አልቀየምሽም፤ መርሳት የእኔ ብቻ አይደለም ማለት ነው። አእምሮዬ ደህና ነው ልጄ። ለሥራ አስኪያጁ አሳዪልኝ። ለእትዬሽ ግን አንቺው እስክትነግሪልኝ አላሳያትም፤ ከእኔ አፍ አታምንም።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አልቀየምሽም ይላል።


ሐሙስ፣ 20 ቀን

ነገ እመልስላቸዋለሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር ነው።


ዓርብ፣ 21 ቀን

ጻፍኩ። አጠፋሁ። ሌላ አስተያየት ከሥሩ መጥቷል፤ «አየሽው?» ይላል።

ምልክት አላደረግኩበትም።


ሰኞ፣ 24 ቀን

ሥራ አስኪያጁ ከሥራ የለቀቁ ሰዎች አካውንት ዛሬውኑ ይዘጋ ብሎ ደብዳቤ አወጣ። በስም አራት ሰዎች። የጋሼን ዘጋሽ አለኝ፤ ዘጋሁ አልኩ። አንዱን ዘግቼ ነበር፣ ያንን ባዶውን።

ሁለተኛውን ከምሳ በኋላ ዘጋሁት። ትእዛዝ ነው። ደብዳቤው ቁጥርና ማኅተም አለው። ሲስተሙ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቃል። ቅጂውንም አጠፋሁት። ጋሼ የሣሏት የአልጋና የበር ሥዕል ደብተሩ መሀል አለች፤ እሷንም ማቃጠል ነበረብኝ፣ እጄ እምቢ አለ። ልብ ይስጠኝ።


ማክሰኞ፣ 25 ቀን

እትዬ ማለዳ ደወሉ፤ ፊቴን እንኳ አልታጠብኩም ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል፣ ጋሼ አጠገባቸው ናቸው መሰለኝ። ከንጋት ጀምሮ ኮምፒውተሩ ፊት ነው አሉ። የይለፍ ቃሉን ሳትኩት ብሎ አሥር ጊዜ ጻፈው፣ እየደጋገመ በቀይ «አልተፈቀደልዎትም» ይለዋል። ባለፈው ሳምንት አንድ ነገር አግኝቼ ነበር፣ ደህና ነኝ የሚል ማስረጃ አግኝቼ ነበር፣ እሷም አይታዋለች ይላል። ምን እንደሆነ አሳየኝ ስለው አሁን የለም ይላል። ከዚያ ድምፃቸውን ይበልጥ ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። እውነት አግኝቶ ነበር?»

በስልኩ ውስጥ ከኋላ የቁልፎቹ ድምፅ ይሰማል። አንድ በአንድ፣ ቀስ እያሉ ይጽፋሉ።

«አይ እትዬ» አልኩ።

እኔም ጠርጥሬ ነበር አሉ። ተነፈሱና፣ እግዜር ይስጥሽ፣ እውነቱን ስለነገርሽኝ አሉኝ። ዛሬ ከሰዓት ሐኪሙ ጋ ይወስዷቸዋል፤ ከእንግዲህ ብቻቸውን እንዳይወጡ በሩንም ሊቆልፉ ነው።